ልጅቷ «እሺ» ብላለች፤ ካሜራውን ልክፈት?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እስካሁን የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ነበር የምሠራው። አሁን ስለ አረብ አገር ስደት ዘጋቢ ፊልም ጀምሬያለሁ። ሐይቅን አለፍ ብሎ ገጠር ውስጥ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አገኘሁ። በ15 ዓመቷ በደላላ ሄዳ፣ ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ግፍ ደርሶባት ነው የተመለሰችው። ፊቷን አሳይታ ለመናገር እሺ ብላለች። እናቷም ፈቅደዋል። ደላላው እዚያው ቀበሌ ነው ያለው፤ በድብቅ ልቀርጸው አስቤያለሁ። ለልጅቷ ትንሽ ገንዘብ ብሰጣት ነውር ይሆናል? ፊቷን ከሸፈንኩት ደግሞ ፊልሙ ኃይል ያጣል ብዬ ሰግቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ፊቷ ጠይቀኸኛል። እኔ ግን ያልጠየቅከኝን ነው ቀድሜ የምመልሰው። «እሺ ብላለች» ብለህ በአንድ ቃል ያለፍካትን።

እስቲ ያን ቀን መልሰህ አስታውሰው። ስትገባ እናትየዋ መደቡን ጠረግ ጠረግ አድርገው ቁርበት አነጠፉልህ። ከሰሉ ተያያዘ፣ ዕጣኑ ጤሰ፣ ቡናው ተቆላ። ጎረቤት ተጠራ። አቦሉ ሲቀዳ አንተ ጉዳይህን አነሳህ። እንዲህ ካልነበረ ይገርመኛል። እና ንገረኝ፣ ወሎ ውስጥ ስኒ የያዘን እንግዳ ፊት ለፊት «አይሆንም» ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በዚህ ሥራም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አላየሁም።

«አይ» የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ በሌላ ስም ነው የሚመጣው። «ኢንሻ አላህ» ይሆናል። «እስቲ አላህ ያውቃል» ይሆናል። «አባቷ ሲመጣ እንነግረዋለን» ይሆናል፤ አባቷ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሁሉም የምታሳስተው ግን «አብሽር» ናት። «አብሽር፣ ምን ችግር አለው» ሲሉህ ፈቀዱልኝ ብለህ ትወጣለህ። እነሱ አንተን ማጽናናታቸው ነው። ልፋትህን አይተው፣ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተህ ባዶ እጅህን እንዳትመለስ አዝነውልህ ነው።

ልጅቷስ? «እሺ» ስትል ዓይኗ የት ነበር? እናቷን እያየች ከነበረ፣ ወይ አንገቷን ደፍታ የሰሌኑን ጫፍ ስትፈትል ከነበረ፣ የእናትየውን ፈቃድ ሁለት ጊዜ ነው የተቀበልከው። የሷ ገና አልደረሰህም። ይቺ ልጅ ደግሞ እሺ ማለት የለመደች ናት። ደላላው «ትሄጃለሽ?» ሲላት እሺ ብላለች። ማዳሟ በሌሊት ስትቀሰቅሳት እሺ ብላለች። አንተ ሦስተኛው ነህ።

የእናትየውም ፈቃድ የራሱ ጣጣ አለው። ለጉዞው የሚሆነው ገንዘብ ከየት መጣ? እኔ በማውቃቸው ቤቶች ወይ በሬ ተሽጦ ነው፣ ወይ መሬት በወለድ አግድ ተይዞ ነው፣ ወይ ከዘመድ ተበድረው ነው። ደላላውን ያነጋገሩት፣ የልጅቷን ዕድሜ ያስጨመሩት እናትየዋ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ጎረቤታቸው ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ አይተው ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ነገር ስም አለው። አገራችን በ2004 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለብዝበዛ መመልመልና መላክ በሰው መነገድ ነው ይላል። ልጁ ቢስማማም፣ ማታለልም ማስገደድም ባይኖርበትም። እኛ አገር ይህንን የሚዳኘው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ስለዚህ እናትየዋ አንተ ካሜራ ፊት ተቀምጠው «በሬያችንን ሸጠን ላክናት» ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ ይወቁት። በራሳቸው ላይ እየመሰከሩ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሳትነግራቸው ማይክ አንገታቸው ላይ መሰካት፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ማታለል ነው።

ልጅቷም ይህንን ታውቃለች። ለእናቷ ስትል የምትውጠው ነገር አለ። እናቷ ባሉበት የምታገኘው ግማሹን ታሪክ ነው። እናቷ በሌሉበት ደግሞ አንተና እሷ ብቻ ልትቀመጡ አትችሉም። ወንድ ነህ፣ እንግዳ ነህ፣ እሷ ከምን እንደተመለሰች ታውቃለህ። ሴት ባልደረባ ያስፈልግሃል። የጎረቤት ሴት አታምጣ፤ ነገሩ ቡና ላይ ይወራል። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ፣ ወይ ልጅቷ ራሷ የመረጠቻት ሰው ትሁን። ቃሉን ያዝልኝ፣ ራሷ የመረጠቻት።

አሁን እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገርህ። መጀመሪያ ስሄድ ካሜራ አልይዝም። ሁለተኛው ቀን እይዛለሁ፤ የምትይዘው ግን እሷ ናት። እኔን ትቀርጸኛለች፣ እኔ እርበተበታለሁ፣ እንሳሳቃለን። ከዚያ ስልክ ላይ ከፍቼ አሳያታለሁ። «ይህን ምስል ሐይቅ ገበያ ላይ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል። ደላላው ሊያየው ይችላል። ነገ የምታገቢው ሰው ሊያየው ይችላል» እላታለሁ። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከመጀመሪያው ቀን «እሺ» ይልቅ ብዙ ይነግርሃል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ስኒዋ ትመጣለች። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ያንተዋ እኩያ። ባዶ ስኒ ፊቷ አስቀመጥኩላት። «መናገር ሲሰለችሽ ወይ ጥያቄዬ ደስ ሳይልሽ ሲቀር ይህን ድፊው። ካሜራው ይጠፋል። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም» አልኳት። ሳቀች። እንሞክረው ብዬ ቁርስ ምን እንደበላች ጠየቅኳት። ነገረችኝ። የታናሽ ወንድሟን ስም ጠየቅኳት። ነገረችኝ። «አሁን ድፊው» አልኳት። እጇ ሄዶ ስኒዋን ነካ አደረገና ተመለሰ። «እንዴ፣ ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። አራተኛው ላይ ደፋችው። ካሜራማኑ ወዲያው አጠፋ፤ ሌንሱንም ከደነ። ስኒዋን እያየች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በማግስቱ ቀረጻ ስድስት ጊዜ ደፍታዋለች። ሁለቱ ለጨዋታ ነበሩ፤ እውነት የሚሠራ መሆኑን ለማየት። አራቱ የምር ነበሩ። የፊልሙ ጥሩ ንግግር ሁሉ የተገኘው ከነዚያ አራት በኋላ ነው። ማቆም እንደምትችል ስላወቀች መናገር ቻለች።

ፈቃድ አንዴ ተፈርሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከቀረጻ በፊት ትጠይቃታለህ። ቀረጻው ሲያልቅ፣ የተናገረችውን ካዳመጠች በኋላ፣ ትጠይቃታለህ። ቅንብሩ አልቆ ፊልሙን ካየችው በኋላ ትጠይቃታለህ። ሦስተኛው ላይ «አይ» ካለች ያወጣኸው ገንዘብ ይቃጠላል። አዎ፣ ይቃጠላል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ስምንት ወር የሠራሁበት ነበር። ሁለት ቀን አልቅሼ ተውኩት።

ወደ ፊቷ እንምጣ። «ፊቷ ከሌለ ፊልሙ ኃይል የለውም» ትላለህ። ይህን ለወሎ ሰው ስትነግረው ትንሽ ይከብዳል። ከኛ በላይ ፊቱ የታየ ሕዝብ የት አለ? በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ተደብቆ የነበረ እልቂት ወጣ፣ እርዳታም መጣ። ውለታው አይካድም። ዓመት ሳይሞላው ግን ያው ምስል ሌላ ሥራ ተሰጠው። ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር አፈራርቆ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። እነዚያ የታዩት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። የቀረጿቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ምስል ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ ባለቤቱ ብዙ ነው። ያኔ እንኳ የፊልም ጥቅል ነበር፤ ማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ያንተዋ ልጅ ሃያ ሰከንድ ለቅሶ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ሲዞር ማን ይሰበስበዋል?

ዩቲዩቡን አይተኸዋል መቼስ። ጠያቂው ከልጅቷ በላይ ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ የባንክ ቁጥር ይመጣል። ከሥር ደግሞ ትዝታ ይለቀቃል። ይህችን በጣም ነው የምጠላት። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከአገራችን የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ማስለቀሻ ሽንኩርት አታድርጋቸው።

ኃይል ያለው ፊት ላይ ብቻ አይደለም። እጇን አይተኸዋል? ልብስ ስታጥፍ እጅጌውን የምታጥፍበት መንገድ፣ ሰው ቤት የተማረችው፣ አንድ ደቂቃ ያለ ቃል ይሄዳል።

እንግዲህ ፊቷን ላታሳይ ከወሰንክ በወጉ ሥራው። ቀርጾ ሲያበቃ ኤዲቲንግ ላይ ማደብዘዝ መሸፈን አይደለም። ፊቷ ያለበት ፋይል ላፕቶፕህ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ላፕቶፕ ደግሞ ይሰረቃል። ከመጀመሪያው አትቅረጸው። በሩን ከጀርባዋ አድርገህ የካሜራውን የብርሃን መጠን (ኤክስፖዠር) በውጪው ብርሃን ለካው፤ ጥላ ሆና ትወጣለች። ወይ ከትከሻዋ ኋላ ሆነህ እጇን ያዝ። ቀለበት፣ የአንገት ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ሰው የሚያውቃት ሻሽ አይግባ። ሌላ ልብስ አስለብሳት። በመስኮቱ ሐይቁ ከታየ አለቀ፣ ቦታው ታወቀ። ድምፅም ያጋልጣል። የመስጊዱን አዛን ድምፅ የአካባቢው ሰው በሁለት ሰከንድ ይለየዋል። የሷን ድምፅ በሶፍትዌር ማወፈር ደግሞ አያስተማምንም፤ ያወፈረው ሰው እንደሚያቀጥነው እወቅ። እኔ የምትናገረውን ቃል በቃል ጽፌ ሌላ ልጅ ታነበዋለች፤ ይህንንም ለተመልካች በግልጽ እጽፋለሁ። የወሎ ልጅ ትሁን ታዲያ። የአዲስ አበባ ተዋናይት «አብሽር» ስትል ጆሮ ይቆረጣል።

በስልክ ከቀረጽክ ቦታ የሚመዘግበውን ነገር አጥፋው። ፋይሉን በስሟ አታስቀምጥ፣ ቁጥር ስጠው። ሃርድ ዲስኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። «እስቲ እየው» ብለህ ለጓደኛህ በቴሌግራም አንድም ቁራጭ አትላክ።

ይህን ሁሉ አድርገህም ልትሳሳት ትችላለህ። እኔ ተሳስቻለሁ። ሰሜን ወሎ ውስጥ አንዲት ልጅ ከጀርባዋ ቀረጽኩ። ፊት የለ፣ ድምፅዋ ተቀይሯል፣ የቀበሌው ስም አልተጠራም። በኩራት ነበር ያስተላለፍኩት። በሳምንቱ የልጅቷ አክስት ደወሉልኝ። ጠቅላላ አገሩ አውቋታል። እንዴት? በተከፈተው በር በኩል፣ ምናልባት ለሦስት ሰከንድ፣ አንድ አህያ ያልፋል። አንድ ጆሮው ቆራጣ ነው። ያን አህያ የማያውቅ ሰው በዚያ ቀበሌ የለም። ኤዲቲንግ ላይ አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ውበቱን ነበር የማየው። ልጅቷ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀሩ። በዓመቱ ተመልሳ ሄደች። በየት በኩል እንደሄደች መገመት አያቅትህም።

ከዚያ ወዲህ ፊልም ከመልቀቄ በፊት አንድ ሙከራ አደርጋለሁ። ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ልጅቷ የምታምነው የአካባቢ ሰው አስቀምጬ አሳየዋለሁ። «ማን እንደሆነች አታውቅም እንበል፤ በምን ልታውቃት ትችላለህ?» እለዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ያገኛል። አንዳንዴ ታሪኩ ራሱ ነው የሚያጋልጣት። «በ15 ዓመቷ ሄዳ እጇ ተቃጥሎ የተመለሰች» ስትል በአንድ ቀበሌ ስንት አለች? አንዷን ብቻ ነው የጠራሃት። ወሩን ተወው፣ የቤተሰቡን ብዛት ተወው። አትዋሽ፣ ግን ሁሉንም መናገር አይጠበቅብህም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ለታሪኳ አትክፈል። ለጠፋው ቀኗ ክፈል። ያካባቢው የቀን ሠራተኛ የሚያገኘውን ያህል፣ መጓጓዣና ምሳ ጨምረህ። ከመጀመርህ በፊት ንገራት፤ ተናገረችም ስኒዋን ደፋችም ያው ነው። ካለቀሰች በኋላ ኪስህ ከገባህ ግን ለቅሶ እየገዛህ ነው። ልትረዳት ልብህ ከከጀለ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ካሜራ በሌለበት።

ደላላው። በድብቅ ልትቀርጸው የፈለግከው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ደምህ ፈልቷል። ግን እሱን የቀረጽክ ቀን ማን እንደነገረህ ለማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አንተ ኮምቦልቻ ትገባለህ፣ እሷ እዚያው ውኃ ትቀዳለች። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ ለማንም ሰው የግል ሕይወት ጥበቃ ሰጥቷል። ያንን ማለፍ የሚቻለው ከጀርባህ ጠበቃና ተቋም ሲኖር ነው። አንተ ብቻህን ነህ።

ደግሞ ደላላ ስንል ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው አይምሰልህ። ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ነው። ወይ ራሷ አረብ አገር ቆይታ የመጣች ሴት ናት። ሠርግ ላይ የክብር ቦታ ይሰጣቸዋል። በግልጽ ሄደህ ብትጠይቃቸው የሚያናግሩህ አሉ፤ ምክንያቱም በጎ የሠሩ ይመስላቸዋል። «ስንት ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩ ሰው ነኝ» ያለኝ አለ። ይህን ያለው ካሜራ እያየ ነው። የሱ ኩራት ከማንኛውም ድብቅ ቀረጻ ይበልጣል። ስለዚህ የልጅቷን ደላላ ተወውና ሌላ ወረዳ ሂድ፣ በግልጽ ጠይቅ።

የሰፈሩ ደላላ ደግሞ የክሩ ጫፍ ነው። በባህር የሚሄዱትን ብታይ፣ ከሰፈር የሰበሰባቸው ሰው ባቲ ወርዶ ያስረክባል። ከዚያ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ። ጅቡቲ ገብተው በበረሃ በእግር ወደ ኦቦክ፤ ከኦቦክ በጀልባ የመን። በየፌርማታው ሰው ይለዋወጣል፣ ዋጋ ይጨመራል። ሰፈር ያለው ሰው የመን ላይ ማን እንደሚረከባቸው ላያውቅ ይችላል። እሱን ብቻ አስረህ ብትወጣ ክሩ አይበጠስም።

እና ፊልሙ የት ነው ያለው? እኔ ብሆን ቆርቆሮው ላይ ነው የምጀምረው። በጠዋት፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነህ ያንን ቀበሌ እየው። የሣር ክዳን፣ የሣር ክዳን፣ ከዚያ አንድ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። ከሥሩ ሰው አናግር። «ይሄ ቤት በማን ተሠራ?» በል። «በፋጤ» ይሉሃል። «ያኛውስ?» «በዘሃራ።» ቤቱ በልጅ ስም ነው የሚጠራው። አንዳንዱ ደግሞ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ ሳይለብስ የቀረ ነው። እሱን አትዝለለው። ገንዘብ መላክ የቆመበትን ወር ያውቁታል። ማንንም ሳታስለቅስ፣ የማንንም ፊት ሳታሳይ፣ ነገሩ በሙሉ እዚያ ተዘርግቷል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የ15 ዓመት ልጅ እንዴት የ24 ዓመት ሴት ሆነች? አስማት የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ባብዛኛው የልደት ወረቀት የለውም። ዕድሜው አፍ ላይ ነው ያለው፤ አፍ ደግሞ ይጨምራል። ቀበሌው ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ በዚያ ወረቀት ፓስፖርት ይወጣል። ያቺን ወረቀት ቅረጻት፤ ስሙንና ቁጥሩን ሸፍነህ፣ የልደት ዓመቱን ብቻ። አጠገቧ እናትየዋ «የተወለደችው እገሌ በሞተበት ዓመት ነው» ሲሉ በድምፅ ብቻ ይሰማ፤ ያለፉትንና ያልሆኑትን ዓመታት ተመልካች ራሱ ይቆጥር።

ሦስተኛው እገዳው ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ አራገፈች። የወሎ ልጅ በየአውሮፕላኑ ነበር። እገዳው ዓመታት ቆየ። ሴቶቹ መሄድ አቆሙ? አላቆሙም። የሚሄዱበት በር ነው የተቀየረው፤ ሕጋዊው ሲዘጋ የደላላው ዋጋ ወጣ። ፊልምህ አንድ ክፉ ሰው ከሚፈልግ ይህንን ቢያስረዳ ለአገሩ ይጠቅማል።

ልጅቷን የምታናግር ከሆነ ደግሞ «ምን አደረጉብሽ?» አትበላት። የፖሊስ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ፖሊስ በወጉ ሲጠይቅ ነው። «የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?» በላት። «ስልክሽስ?» «የት ነበር የምትተኚው?» አንዷ ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ከፍሪጁ አጠገብ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ሞተሩ ሲነሳ ትነቃለች። ዛሬም የጎረቤት ፍሪጅ ሲነሳ እንደምትነቃ ስትነግረኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። ቀረጻውን በክፉው ቦታ ላይ አታቁም። ወደ ዛሬዋ መልሳት፤ በጉ እንዴት ነው፣ ወንድምሽ ትምህርት ጀመረ ወይ። ካሜራው ከጠፋ በኋላም ቶሎ አትነሳ። ያን ዕለት ማታ ማን አጠገቧ እንደሚተኛ ሳታውቅ ጥያቄ አትጀምር፤ በዚያው ምሽት ወደ ኮምቦልቻ የምትመለስ ከሆነም አትጀምር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅቷ 17 ናት። ዜና አይደለም የምትሠራው፤ ነገ ማታ የሚያስፈልግህ ነገር የለም። አንድ ዓመት ጠብቅ። እስከዚያ ቆርቆሮውን፣ ወረቀቱን፣ የባቲን መንገድ ቅረጽ፤ ዓመት የሚሞላ ሥራ ነው። 18 ሲሞላት ተመልሰህ ትጠይቃታለህ። ያኔ ሥራ ይዛ፣ ወይ ትምህርት ጀምራ፣ ወይ አግብታ ታገኛት ይሆናል። ጉዳዩ ላይጥማትም ይችላል።

ለጊዜው ግን ወደዚያ ቤት አንድ ቀን ሂድ። ካሜራውን ኮምቦልቻ ተወው። ቡናና ስኳር ያዝ። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ ምንም አትጠይቅ። በረካው ላይ «ያን ዕለት ያላችሁኝን ‹አይ› ብዬ ቆጥሬዋለሁ፤ ልደግም አልመጣሁም» በላቸው። ከዚያ የልጅቷን እጅ እይ፤ ሰሌኑን መፍተሉን ታቆም እንደሆነ።